የጡንቻን የኤሌክትሪክ ሲግናል ከኖይዝ (ካልተፈለገ ረብሻ) ማጽዳት፦ ከቆዳ ዝግጅት እስከ መጨረሻው ፊልተር

ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ የሚቀዳው የጡንቻ የኤሌክትሪክ ሲግናል፣ በሙያው አጠራር ኢ.ኤም.ጂ፣ እጅግ ደካማ ነው። ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ ሲኮማተር እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት ሚሊቮልት ቢደርስ ነው፤ በቀላሉ ሲወጠር ደግሞ በአስርና በመቶ የሚቆጠር ማይክሮቮልት ብቻ ይሰጣል። ቅጂው በሚካሄድበት ክፍል ግድግዳ ውስጥ ግን 220 ቮልት የተሸከሙ ሽቦዎች ያልፋሉ፣ ተቀጂው ይንቀሳቀሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ኬብሉ ይወዛወዛል። ይህ መመሪያ ለባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማሪዎች፣ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና በስፖርት ሳይንስ ጥናት ላይ ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ቅጂ ከመነሻው ጀምሮ እንዴት ንጹሕ ማድረግ እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያስረዳል። የመመሪያው ግማሽ ያህል ስለ ፊልተር አለመሆኑ አንባቢውን ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን በኮምፒውተር ላይ ለሰዓታት የሚታገሉን ብዙዎቹ ችግሮች ቆዳው ላይ በአምስት ደቂቃ የሚፈቱ ነበሩ።

ሲግናሉ የት እንደሚኖር ማወቅ

በቆዳ ላይ የሚለካ የጡንቻ ሲግናል ጠቃሚ ኃይል በግምት ከ20 እስከ 500 ሄርዝ ባለው የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ አብዛኛው ደግሞ ከ50 እስከ 150 ሄርዝ ባለው ላይ ይከማቻል። ረባሾቹም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የኤሌክትሮድና የኬብል እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ረብሻ በአብዛኛው ከ20 ሄርዝ በታች ነው። የመብራት ኃይል ረብሻ በ50 ሄርዝና በብዜቶቹ፣ ማለትም በ100፣ በ150፣ በ200 ሄርዝ ላይ ይቆማል። የልብ ምት ከዝቅተኛው ተነሥቶ እስከ 30 ወይም 40 ሄርዝ ድረስ ይዘረጋል። የመሣሪያው የራሱ ኖይዝ በሁሉም ድግግሞሽ ላይ በስሱ ይበተናል፤ ከአጎራባች ጡንቻ የሚሻገረው ሲግናል ደግሞ ከምንፈልገው ጡንቻ ጋር አንድ ዓይነት ድግግሞሽ ስላለው በፊልተር ፈጽሞ አይለይም።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር በደንብ ሊጤን ይገባል። 50 ሄርዝ የሚገኘው የጡንቻው ሲግናል በተከማቸበት ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ የመብራቱን ረብሻ ስንቆርጥ ሁልጊዜ ከጡንቻው ሲግናልም አብረን እንቆርጣለን። ፊልተር ያበላሸነውን የሚያድስ ሳይሆን አንዱን ለማትረፍ ሌላውን የምንከፍልበት መሣሪያ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም የሚከፈለውን ዋጋ ለመቀነስ የተቀመጠ ነው።

አንደኛ፦ ቆዳውንና ኤሌክትሮዱን ማዘጋጀት

ደካማውን ሲግናል የሚያጎላው መሣሪያ፣ ማጉያው፣ የሚሠራው የሁለቱን ኤሌክትሮዶች ልዩነት በመውሰድ ነው። ከመብራት የሚመጣው ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል ከደረሰ ሲቀናነስ ይጠፋል። ነገር ግን አንዱ ኤሌክትሮድ ከቆዳው ጋር በደንብ ተጣብቆ ሌላው ላላ ካለ፣ ያው ረብሻ በሁለቱ ላይ እኩል ሆኖ አይደርስም፤ ትርፉንም ማጉያው የጡንቻ ሲግናል መስሎት ያጎላዋል። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ የሁለቱ ግንኙነት ጥሩ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ መሆኑም ጭምር ነው።

ተቀጂው ሰው በዚያ ዕለት ጠዋት የሚቀዳው ቦታ ላይ ቫዝሊን፣ ሎሽን ወይም ሌላ ቅባት እንዳይቀባ አስቀድመው ይንገሩት፤ በእኛ ዘንድ ገላን ታጥቦ ቅባት መቀባት የተለመደ ስለሆነ ይህ ካልተነገረ ብዙ ጊዜ ችግር ይፈጥራል። ፈቃዱን ጠይቀው በቦታው ላይ ያለውን ፀጉር በአዲስ ምላጭ ይላጩ። ከዚያም አልኮል በነካ ጎዝ ቆዳው በስሱ ቀላ እስኪል ድረስ፣ ነገር ግን ሳይላጥና ሳያም፣ ይሹት። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ተቀጂው ማላብ ሲጀምር ቶሎ ይንሸራተታል። በመጨረሻም የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮዶቹን ይለጥፉ፤ ጄሉ ከቆዳው ጋር እንዲስማማም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ሴኒያም የተሰኘው የአውሮፓ ፕሮጀክት ያወጣው ምክር ከአንዱ ኤሌክትሮድ መሐል እስከ ሌላው መሐል 20 ሚሊሜትር እንዲኖርና ኤሌክትሮዶቹ የጡንቻውን ክሮች አቅጣጫ ተከትለው እንዲቀመጡ ነው። ለምሳሌ በላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ላለው ጡንቻ፣ ለባይሴፕስ፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ ክርኑ ጉድጓድ መስመር ይታሰባል፤ ኤሌክትሮዶቹም ከክርኑ በኩል ሲለካ በመስመሩ አንድ ሦስተኛ ላይ ይቀመጣሉ። ማጉያው ለንጽጽር መነሻ የሚያደርገው ሦስተኛው፣ ማጣቀሻው ኤሌክትሮድ፣ ጡንቻ በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በእጅ አንጓ ወይም በቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ይለጠፋል። በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ሲግናሉን የሚያጎላ ቢመስልም የጎረቤት ጡንቻንም ይጋብዛል፤ ይህንን ጥፋት ደግሞ ከላይ እንደተባለው በኋላ የሚያርመው ፊልተር የለም።

ማጣቀሻውን ችላ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ተማሪ ጋር የጭን ጡንቻ ስንቀዳ፣ የ50 ሄርዙ ረብሻ ከጡንቻው ሲግናል በልጦ አስቸገረን። የጣሪያውን መብራት አጠፋን፣ ኬብል ቀየርን፣ ሦስት ዓይነት ፊልተር ሞከርን። መጨረሻ ላይ ማጣቀሻውን ኤሌክትሮድ አንሥቼ በጣቴ ስነካው ጄሉ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ጠንክሮ ነበር፤ ፓኬቱ ከሳምንታት በፊት ተከፍቶ አፉ ሳይታሸግ የቀረ ነው። አዲስ ኤሌክትሮድ ስንለጥፍ ያ ሁሉ ረብሻ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ፓኬት አፉን አጥፌ፣ በሚዘጋ ፌስታል አድርጌ፣ የተከፈተበትን ቀን ላዩ ላይ እጽፍበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ክፍሉን፣ ኬብሉንና መሣሪያውን ማስተካከል

ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ያሠሩት። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትልቁን ለውጥ ያመጣል። ከዚህ በላይ የደኅንነት ጉዳይም አለበት፤ ራስዎ የገጣጠሙትን ማጉያ ከሰው አካል ጋር እያገናኙ ከሆነ፣ የሕክምና ደረጃ ያለው የኤሌክትሪክ መነጠያ (አይሶሌሽን) ከሌለው በስተቀር፣ ከግድግዳ ኃይል ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። ማጉያውም ኮምፒውተሩም በባትሪ ይሥሩ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ቀጥሎ ኬብሎቹን አጭር ያድርጉ፣ የሁለቱን ኤሌክትሮዶች ሽቦ እርስ በርስ ይጠምዝዙ፣ ከኤሌክትሮዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ኬብሉን በፕላስተር ከቆዳው ጋር ያሲዙት። በኤሌክትሮዱና በፕላስተሩ መካከል ትንሽ ልል እጥፋት ይተዉ፤ ተቀጂው ሲራመድ ኬብሉ የሚጎትተው ፕላስተሩን እንጂ ኤሌክትሮዱን አይሆንም። የኃይል ማራዘሚያ ገመድ፣ የሞባይል ቻርጀርና የፍሎረሰንት መብራት ከተቀጂው ይራቁ።

በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚደረግ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና በርካሽ የጡንቻ ሴንሰር የሚሠሩ ተማሪዎች ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቁ። አንደኛው፣ ብዙዎቹ ሴንሰሮች የተለሰለሰ ውጤትና ጥሬ ውጤት የሚባሉ ሁለት የተለያዩ መውጫዎች አሏቸው። የተለሰለሰው መውጫ በውስጡ ያለውን ኖይዝ ከሲግናሉ ጋር ደምሮ ስለሚያቀርብ፣ ከዚያ በኋላ መለየት አይቻልም። ሁልጊዜ ጥሬውን ይቅዱ። ሁለተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ በሚቀጥለው ደረጃ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፦ በቂ ፍጥነትና የዕረፍት ጊዜ ይዞ መቅዳት

እስከ 500 ሄርዝ የሚደርስ ሲግናል ለመያዝ በሰከንድ ቢያንስ ከ1000 በላይ ናሙና ያስፈልጋል፤ በተግባር 2000 ቢሆን ይመረጣል። ከናሙናው ፍጥነት ግማሽ በላይ ያለው ድግግሞሽ ደግሞ ዲጂታል ከመሆኑ በፊት በማጉያው ውስጥ መቆረጥ አለበት። ይህ ካልሆነ ከፍተኛው ድግግሞሽ ታጥፎ ዝቅተኛ መስሎ ይገባል፤ አንዴ ከገባ በኋላም ከእውነተኛው ሲግናል ሊለይ አይችልም።

የአርዱዊኖው ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ወደ ኮምፒውተሩ መረጃ በሚላክበት በ9600 ባውድ ፍጥነት በሰከንድ 960 ባይት ብቻ ይላካል። አንድ ባለ ሦስት አኃዝ ንባብ ከመስመር መለያዎቹ ጋር 5 ባይት ስለሚፈጅ፣ በሰከንድ የሚላኩት ንባቦች ከ192 አይበልጡም። እንግዲህ የመብራቱ ሦስተኛ ብዜት የሆነው 150 ሄርዝ ከ192 ሲቀነስ 42 ይሆናል፤ ተማሪው በስፔክትረሙ፣ ማለትም የሲግናሉን ኃይል በየድግግሞሹ ዘርዝሮ በሚያሳየው ሥዕል፣ ላይ 42 ሄርዝ አካባቢ ምንጩ የማይታወቅ ቀጥ ያለ መስመር ያያል፣ የጡንቻው ባሕርይ አድርጎም ይተረጉመዋል። ፍጥነቱ 115200 ባውድ ቢደረግ በዚያው ስሌት ወደ 2300 ንባብ ይደርሳል። በዚያ ላይ ንባቦቹ በእኩል ጊዜ ልዩነት መወሰዳቸውን በሰዓት ቆጣሪ ያረጋግጡ፤ ልዩነቱ ከተዛነፈ ከዚህ በታች ያሉት ፊልተሮች ሁሉ ትርጉማቸውን ያጣሉ።

ማጉያው ሲግናሉን የሚያጎላበትን መጠን ሲመርጡ፣ ተቀጂው በሙሉ ኃይሉ እንዲወጥር አድርገው የሞገዱ ጫፍ ከገደቡ ጋር ተጋጭቶ እንደማይቆረጥ ይመልከቱ። ጫፉ የተቆረጠ ሲግናል ለዘለዓለም የተቆረጠ ነው።

ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ጡንቻው ፈጽሞ ዘና ባለበት ሁኔታ ቢያንስ 5 ሰከንድ ይቅዱ። ይህች ጸጥተኛ ክፍል የኋላ ሥራ ሁሉ መሠረት ናት፤ ረባሹን ብቻውን፣ ያለ ጡንቻ፣ የምናገኘው እዚያ ብቻ ነው። በቅጂው መጀመሪያና መጨረሻም ሁለት ሁለት ሰከንድ ትርፍ ይተዉ፤ ፊልተር በጠርዞች ላይ የሚፈጥረው መዛባት በዚያ ትርፍ ላይ ያርፍና በኋላ ይጣላል።

አራተኛ፦ ጥሬውን በዓይን ማየት

ማንኛውም ፊልተር ከመጠቀምዎ በፊት ዋናውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጡና በግልባጩ ላይ ይሥሩ። ከዚያም መስመሩን በሁለት መጠን ይመልከቱት። መጀመሪያ ሙሉውን ቅጂ በአንድ ገጽ ያውጡ፤ ድንገተኛ ዝላይ፣ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ መነሻ መስመር ወይም በየሰከንዱ ገደማ የሚደጋገም ሹል ምልክት መኖሩን ይለዩ። ቀጥሎ የዕረፍቱን ክፍል አጉልተው 200 ሚሊሰከንድ ብቻ ይመልከቱ። በዚያች ጠባብ መስኮት ውስጥ አሥር እኩል ሞገዶች ከቆጠሩ 50 ሄርዝ አግኝተዋል።

በመቀጠል የድግግሞሽ ስፔክትረሙን ሲግናሉን ከፋፍሎ የክፍሎቹን ስፔክትረም አማካይ በሚወስደው በዌልች ዘዴ፣ በአንድ ሰከንድ መስኮት ያውጡ፤ የዕረፍቱንና የሥራውን ክፍል ለየብቻ። ጤናማ የሥራ ክፍል ከ20 ሄርዝ በኋላ ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚወርድ ኮረብታ ይመስላል። ከኮረብታው ላይ ብቻውን የቆመ መርፌ ካዩ የመብራት ረብሻ ነው፤ ከ10 ሄርዝ በታች ገደል የሚያህል ቁልል ካዩ እንቅስቃሴ ነው። ሁለቱም ከሌሉ የሚቀጥሉትን ሁለት ደረጃዎች በብርቱ መፈጸም አያስፈልግዎትም። የ50 ሄርዝ ፊልተርን ረባሹ መኖሩን ሳያዩ እንደ ልማድ መጠቀም ትክክል አይደለም።

ኤሌክትሮድ የተላቀቀባቸውን ወይም ኬብል የተጎተተባቸውን ክፍሎች ከማጣራት በፊት ምልክት አድርገው ከስሌቱ ያስወጡ፤ ፊልተር አንድን ዝላይ ወደ ጎረቤቶቹ ያሰራጨዋልና። የተወገደውን ክፍል ሁለት ጫፎች ግን እርስ በርስ አይቀጥሉ፤ መጋጠሚያው ራሱ አዲስ ዝላይ ይሆናል። እያንዳንዱን የቀረ ክፍል ለብቻው ያጣሩ።

አምስተኛ፦ ዋናው ማጣራት

በመጀመሪያ የሲግናሉን አማካይ ከራሱ ላይ ይቀንሱ፤ መነሻው ዜሮ ላይ ይቀመጥ። ከዚያም አራተኛ ደረጃ የሆነ የበተርወርዝ ፊልተር ከ20 እስከ 450 ሄርዝ ያለውን ብቻ እንዲያሳልፍ አድርገው ይጠቀሙ። በፓይተንም ሆነ በማትላብ ሲግናሉን አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚያጣራ ትእዛዝ አለ፤ እርሱን ይምረጡ፤ አለበለዚያ የጡንቻው መነሻ ጊዜ በፊልተሩ ምክንያት ይዘገያል። ሁለት ጊዜ ማጣራቱ የፊልተሩን የመቁረጫ ቁልቁለት በእጥፍ ስለሚያከብደው፣ በጽሑፍዎ ላይ ይህንን ሳይገልጹ አይለፉ።

ዝቅተኛው ገደብ ለምን 20 ሆነ? ካርሎ ዴ ሉካና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ይህንን ጥያቄ መርምረው ለአጠቃላይ ሥራ 20 ሄርዝን መክረዋል፤ ከዚያ በታች የእንቅስቃሴው ረብሻ ከሚገኘው ሲግናል ይበልጣል። በጸጥታ ተቀምጦ ክንድን ብቻ የሚያጥፍ ሰው ከሆነ 10 ሄርዝም ሊበቃ ይችላል፤ ለሚሮጥ ወይም ለሚዘል ሰው ግን 20 ሄርዝም አንዳንዴ ያንሳል።

ስድስተኛ፦ የመብራቱን ረብሻ ማስወገድ

ድግግሞሹ እንደ አገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዱባይ 50 ሄርዝ ሲሆን በአሜሪካና በሳውዲ ዓረቢያ 60 ሄርዝ ነው። ሌላ አገር የተጻፈ ፕሮግራም ገልብጠው ሲጠቀሙ ይህችን ቁጥር መጀመሪያ ይመልከቱ፤ 60 ሄርዝን እየቆረጠ 50ውን የሚተው ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ረብሻው ትንሽ ከሆነና የሚፈልጉት የጡንቻውን አጠቃላይ ጥንካሬ ብቻ ከሆነ፣ ከ49 እስከ 51 ሄርዝ የሚቆርጥ ጠባብ ፊልተር ይበቃል። ነገር ግን ፊልተሩ እየጠበበ በሄደ መጠን ድንገተኛ መኮማተር ሲያጋጥመው እንደ ተመታ ደወል ረዘም ላለ ጊዜ ይርገበገባል፤ ያ ርግብግብታ በዕረፍት ላይ ያለውን ጡንቻ የሚሠራ ያስመስለዋል። የድካምን ጥናት ለሚያካሂዱ፣ ማለትም የስፔክትረሙን መካከለኛ ድግግሞሽ ለሚከታተሉ ሰዎች፣ በኮረብታው መካከል የሚቆፈረው ጉድጓድ ውጤቱን ያዛባል።

የተሻለው መንገድ ረባሹን ገምቶ መቀነስ ነው። በዕረፍቱ ክፍል ውስጥ ከ50 ሄርዙ ሞገድ ጋር የሚስማማውን ሳይንና ኮሳይን በትንሹ የካሬ ስሕተት ዘዴ ያግኙ፤ ከዚያም ከመላው ቅጂ ላይ ይቀንሱት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የኃይል መረቡ ድግግሞሽ ሁልጊዜ በትክክል 50 አይደለም። እውነተኛው 49.9 ሆኖ ሳለ እርስዎ 50 ብለው ቢቀንሱ፣ በ5ኛው ሰከንድ ላይ ሁለቱ ሞገዶች ግማሽ ዙር ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ መቀነስ የነበረበት ስሌት ረብሻውን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ግምቱን በአንድ አንድ ሰከንድ መስኮት ያድሱት፣ ወይም ትክክለኛውን ድግግሞሽ ከረጅሙ የዕረፍት ክፍል አስቀድመው ይፈልጉ። ጡንቻው በሚሠራበት መስኮት ውስጥ ግምቱ ከጡንቻው ሲግናልም ጥቂት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከፍታውን በዕረፍቱ ካገኙት ጋር ያነጻጽሩ፤ ከዚያ እጅግ ከበለጠ የዕረፍቱን ይያዙ። ለ150ና ለ250 ሄርዝም መርፌ ከታየ ብቻ ያው ሥራ ይደገማል።

ሰባተኛ፦ የልብ ምትን ማውጣት

ይህ የሚመለከተው የጀርባ፣ የሆድ፣ የደረትና የትከሻ ጡንቻን የሚቀዱትን፣ በተለይም በግራ በኩል የሚቀዱትን ነው። ቀላሉ መፍትሔ ዝቅተኛውን ገደብ ከ20 ወደ 30 ሄርዝ ማንሣት ነው፤ አብዛኛውን የልብ ኃይል ያስቀራል፣ ከጡንቻው የሚወስደውም ሊታገሡት የሚቻል ነው። ጡንቻው በዝቅተኛ ኃይል የሚሠራ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ቆሞ ሚዛን የሚጠብቅ ሰው ጀርባ ላይ፣ በየምቱ የሚታየውን ሹል ጫፍ ያግኙ፣ በዕረፍቱ ክፍል ያሉትን ምቶች ጫፋቸውን አሰልፈው አማካያቸውን ያውጡ፣ ያንን ቅርጽ ከእያንዳንዱ ምት ላይ ይቀንሱ። በቂ ምት ለማግኘት የዕረፍቱ ቅጂ ከ5 ሰከንድ ወደ ግማሽ ደቂቃ ከፍ ማለት ይኖርበታል።

ስምንተኛ፦ ማለስለስና መፈተሽ

የተጣራውን ሲግናል አሉታዊ ክፍል ወደ አዎንታዊ ይለውጡ፤ ከዚያም በ6 ሄርዝ ዝቅተኛ አሳላፊ ፊልተር ያለስልሱት፣ ወይም በ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ መስኮት የካሬዎቹን አማካይ ሥር፣ አር.ኤም.ኤስ የሚባለውን፣ ያስሉ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ወደ አዎንታዊ ከተለወጠ በኋላ የ20 ሄርዝ ገደብ የሚጠቀም ሰው የሚፈልገውን ራሱን ይጥላል።

የቀረው የመሣሪያው ስስ ኖይዝ በሁሉም ድግግሞሽ ላይ ስላለ በፊልተር አይወጣም፤ ከአር.ኤም.ኤሱ ውስጥ ግን በስሌት ሊቀነስ ይችላል። የሚቀነሰው ካሬው እንጂ ራሱ ቁጥሩ አይደለም። በዕረፍት 6 ማይክሮቮልት፣ በሥራ 10 ማይክሮቮልት ከተለካ፣ ከ100 ላይ 36 ሲቀነስ 64 ይሆናል፤ ሥሩ 8 ነው። የጡንቻው እውነተኛ ድርሻ 8 ማይክሮቮልት ነው ማለት ነው፤ በቀጥታ ቀንሶ 4 ያለ ሰው ግማሹን ጥሎታል።

በመጨረሻም ጥሬውንና የተጣራውን በአንድ ገጽ ላይ ደርበው ይሣሉ፤ ከዚያም የተጣለውን፣ ማለትም የሁለቱን ልዩነት፣ ለብቻው ይሣሉት። በዚያ ልዩነት ውስጥ ጡንቻው በሚሠራበት ጊዜ ብቻ የሚያብጥ ነገር ከታየ፣ ረባሽ ብቻ ሳይሆን ሲግናልም አውጥተዋልና ወደ አምስተኛው ወይም ወደ ስድስተኛው ደረጃ ይመለሱ። በሁሉም ተቀጂዎች ላይ አንድ ዓይነት ገደብ ይጠቀሙ፤ ለአንዱ 20፣ ለሌላው 30 ሄርዝ ካደረጉ በሰዎቹ መካከል ያዩት ልዩነት የፊልተሩ ሊሆን ይችላል። በጥናቱ ጽሑፍ ላይም የኤሌክትሮዱን ዓይነትና ርቀት፣ የናሙናውን ፍጥነት፣ የፊልተሩን ዓይነት፣ ደረጃና ገደቦች፣ እንዲሁም ከስሌት የወጡትን ክፍሎች ብዛት በቁጥር ያስፍሩ።